ሕያው ሕዋስን በልክ ማሠራት
(በሬዲዮ ከተነገረ ንግግር የተወሰደ)



የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ኢንሱሊን ሲወስድ ዋናው ነገር መድኀኒቱ መገኘቱ ብቻ አይደለም፤ ልኩ ነው። ያነሰ እንደ ሆነ ስኳሩ በደሙ ውስጥ ይከማችና ቀስ በቀስ ዐይኑንና ኩላሊቱን ይጐዳዋል፤ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ ስኳሩ በድንገት ይወርድና ሰውየው ራሱን ስቶ ይወድቃል፤ ቶሎ ያልተደረሰለት እንደ ሆነም ሕይወቱ ያልፋል። በጤነኛ ሰው አካል ውስጥ ግን ይህንን ልክ የሚጠብቅ ሐኪም የለም። ቆሽት የተባለው የሰውነት ክፍል ሌሊትና ቀን የደሙን ስኳር እየመዘነ፣ ስኳሩ ሲበዛ ኢንሱሊኑን እየጨመረ፣ ሲያንስ እየቀነሰ ሥራውን ያካሂዳል፤ ባለቤቱም ቆሽት የሚባል ነገር እንዳለው እንኳ ሳያስብ ዕድሜውን ይፈጽማል።

ዛሬ የምንነጋገርበት ጕዳይ ከዚሁ ከልክ ነገር የተነሣ ነው። በ1978 በአሜሪካ አገር የሚገኙ ሊቃውንት የሰውን ኢንሱሊን የሚያሠራውን የዘር ትእዛዝ ኢ ኮላይ በምትባል ባክቴሪያ ውስጥ አስገብተው ባክቴሪያዋን ኢንሱሊን ሠሪ አደረጓት፤ በ1982ም ይኸው መድኀኒት ለሕሙማን እንዲሰጥ በዚያው አገር ተፈቀደ። (በዚህ ንግግር የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ይህች ባክቴሪያ የምትሠራው በፋብሪካ ጋን ውስጥ ስለ ሆነ፣ ልኩን የሚጠብቁት መሐንዲሱ፣ ሐኪሙና ሕመምተኛው ናቸው። ከዚያ ወዲህ ሲንቴቲክ ባዮሎጂ የተባለው ትምህርት ተነሣ። የዚህ ትምህርት ሰዎች ምኞት ለሕዋስ፣ ማለት በውጭ አገር ቃል ሴል ለሚባለው፣ አዲስ ሥራ መስጠት ብቻ አይደለም፤ ሥራውን ምን ያህል መሥራት እንደሚገባው ራሱ ሕዋሱ እንዲመዝን ማድረግም ነው። ለዚህም የሚሆነውን ዘዴ የተበደሩት ከሐኪሞች ሳይሆን ከመኪና ሠሪዎች ነው።

የመኪና ሠሪዎቹ ዘዴ የቁጥጥር ምሕንድስና ይባላል። ስሙ ከባድ ቢመስልም ነገሩ በየቤታችን ያለ ነው። እንጀራ የምትጋግር ባለሙያ ሴት ምጣዱ ምን ያህል እንደ ጋለ በመሣሪያ አትለካም፤ እንጀራውን ታያለች። ዐይኑ ሳይወጣ የቀረ እንደ ሆነ ማገዶ ትጨምራለች፤ ማረር የጀመረ እንደ ሆነ እንጨቱን ከምጣዱ ሥር ሳብ ታደርጋለች። እንጨቱ እርጥብ ይሁን ደረቅ፣ ነፋስ ይግባ አይግባ አስቀድማ ማወቅ አያስፈልጋትም፤ የሥራው ውጤት ራሱ ተመልሶ ይነግራታልና። ውጤቱን አይቶ፣ ከሚፈለገው ጋራ አስተያይቶ፣ በልዩነቱ መጠን ሥራውን ማረም፤ መሐንዲሶች ግብረ መልስ የሚሉት ይህንኑ ነው። እንቅፋቱ ከየት እንደ መጣ ሳያውቁ እንቅፋቱን ማሸነፍ የሚቻለው በዚህ ዘዴ ነው።

ይህንን የሰው ዐይንና እጅ ሥራ ለእንፋሎት መኪና በመስጠት ስሙ የታወቀው የስኮትላንዱ ተወላጅ ጄምስ ዋት ነው። ዋት በ1788 ሁለት የብረት ኳሶች የተንጠለጠሉበት ተሽከርካሪ ዘንግ ከመኪናው ጋራ አያያዘ። መኪናው ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ተዘርግተው ይነሣሉ፤ ሲነሡም የእንፋሎቱን መግቢያ ያጠብቡታል። መኪናው ሲዘገይ ኳሶቹ ይወርዱና መግቢያውን ያሰፉታል። መሣሪያው አስቀድሞ በነፋስ ወፍጮዎች ዘንድ የታወቀ ነበር፤ ለእንፋሎት መኪና ልጓም ያደረገው ግን ዋት ነው።

ሆኖም ይህ ልጓም አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ጉድለቱም ኋላ ስለ ሕዋስ ስንናገር ስለሚያስፈልገን ጥቂት ልንቆይበት ይገባናል። መኪናው ከባድ ሸክም በያዘ ጊዜ ብዙ እንፋሎት ያስፈልገዋል። ብዙ እንፋሎት እንዲገባ ኳሶቹ ዝቅ ማለት አለባቸው። ኳሶቹ ዝቅ እንዲሉ ደግሞ መኪናው ጥቂት መዘግየት አለበት። እንግዲህ ሸክሙ እስካለ ድረስ መኪናው ከታዘዘው ፍጥነት ጥቂት ዝቅ ብሎ ይኖራል እንጂ ወደ ታዘዘው አይመለስም ማለት ነው። ታላቁ የፊዚክስ ሊቅ ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1868 ስለ እነዚህ መሣሪያዎች በጻፈው ጽሑፍ ሁለቱን ዐይነቶች ለያይቶ አሳየ። አንደኛው ዐይነት ልዩነቱን የሚቀንስ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን ትንሽ ልዩነት እንኳ እስካለ ድረስ መግቢያውን ማንቀሳቀሱን አያቋርጥም፤ የሚያርፈው ልዩነቱ ፈጽሞ ሲጠፋ ነው። ማክስዌል እውነተኛ ተቈጣጣሪ የሚለውን ስም የሰጠው ለዚህ ለሁለተኛው ነው። ሁለተኛው ዐይነት ያለፈውን ልዩነት ሁሉ እየደመረ የሚይዝ ስለ ሆነ፣ እኛ በዚህ ንግግር «ድማሬ ያዥ» እንለዋለን። በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ለመናገር፣ አንደኛው የዛሬውን ጉድለት ብቻ የሚያይ ገንዘብ ያዥ ነው፤ ሁለተኛው ግን ካለፈው የዞረውን ሒሳብ በመዝገብ ይዞ፣ መዝገቡ እስኪዘጋ ድረስ የማያርፍ ነው።

አሁን ወደ ሕዋሱ እንለፍ። በሕዋስ ውስጥ ዲ ኤን ኤ የሚባል የዘር መዝገብ አለ። በመዝገቡ ላይ ያለው እያንዳንዱ ትእዛዝ ጂን ይባላል። ዋናው መዝገብ ከቦታው አይነቃነቅም፤ የሚላከው ቅጂው ነው። ቅጂው ሪቦሶም ወደሚባሉት ጥቃቅን ሠሪዎች ይደርስና እነርሱ በትእዛዙ መሠረት ፕሮቲን ይሠራሉ። ጠቅላላው አሠራር የአንድን ትልቅ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ይመስላል።

ግን ሁሉም ትእዛዝ በማንኛውም ጊዜ አይገለበጥም። ፈረንሳውያኑ ፍራንሷ ዣኮብና ዣክ ሞኖ በ1961 እንዳስረዱት፣ ኢ ኮላይ የወተትን ስኳር የምትፈጭበትን ኤንዛይም የምትሠራው የወተት ስኳር ሲኖር ብቻ ነው። ስኳሩ በሌለ ጊዜ አንድ ዘበኛ ፕሮቲን በጂኑ መግቢያ ላይ ተቀምጦ ቅጂ እንዳይወጣ ይከለክላል። ስኳሩ ሲመጣ ዘበኛው ይለቅና መግቢያው ይከፈታል። ለዚህ ሥራቸው ከባልደረባቸው ከአንድሬ ልዎፍ ጋራ በ1965 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። እንግዲህ ዋት ኳሶቹን ከመስቀሉ እጅግ አስቀድሞ ይህች በዐይን የማትታይ ፍጡር ልጓም ነበራት።

ዘበኛው ከታወቀ ዘንድ፣ ዘበኛውን ከቦታው አንሥቶ በሌላ በር ላይ ማቆም የማይቻልበት ምክንያት አልነበረም። ዘበኞችን እርስ በርስ አያይዞ አዲስ መሣሪያ መሥራት በተግባር እስኪገለጥ ድረስ ግን አርባ ዓመት ያህል አለፈ። በጥር ወር 2000 በአንድ የሳይንስ መጽሔት እትም ላይ ሁለት ሥራዎች ጐን ለጐን ወጡ። አንደኛው በቦስተን ዩኒቨርሲቲ የተሠራ ሲሆን፣ ሁለት ዘበኞች አንዱ የሌላውን በር እንዲዘጋ በማድረግ ባክቴሪያዋን እንደ መብራት ማብሪያ የምትበራና የምትጠፋ አደረጋት። ሁለተኛው ማይክል ኤሎዊትዝና ስታኒስላስ ላይብለር በፕሪንስተን የሠሩት ነው፤ እነርሱ ሦስት ዘበኞችን በክብ አሰለፉ። የመጀመሪያው የሁለተኛውን በር ይዘጋል፤ ሁለተኛው የሦስተኛውን፤ ሦስተኛው ደግሞ ተመልሶ የመጀመሪያውን። ሦስቱ ሊስማሙ የሚችሉበት ሁኔታ ስለሌለ ተራ በተራ ሲነሡና ሲወድቁ ይኖራሉ። ባክቴሪያዋም አረንጓዴ ብርሃን በሚሰጥ ፕሮቲን አማካይነት በየ150 ደቂቃው ያህል ትበራና ትጠፋ ጀመር።

እነዚህ ሥራዎች ብዙ ተደነቁ፤ መደነቃቸውም ይገባል። አንዳንድ ጋዜጦች ግን ሕዋስን እንደ መኪና ፈታቶ መገጣጠም የተቻለ አስመስለው ጽፈዋል። እውነቱ እንዲህ አልነበረም። በፕሪንስተኑ ሥራ ትወዛወዛለች የተባለችው ባክቴሪያ በእርግጥ ስትወዛወዝ የታየችው ከመቶው በአርባው ያህል ብቻ ነበር፤ የቀሩት አንድ ዐይነት መዝገብ እየያዙ ሌላ ጠባይ አሳዩ። ምክንያቱም በአንዲት ባክቴሪያ ውስጥ የአንዳንዱ ፕሮቲን ቍጥር ጥቂት አሥሮች ብቻ ሊሆን ይችላልና፣ የአምስትና የስድስት ልዩነት ነገሩን ሁሉ ይለውጠዋል። በዚያው ዓመት በጀርመን አገር በሃይደልበርግ አቲላ ቤችኬይና ሉዊስ ሴራኖ የተሻለውን መንገድ አሳዩ። አንድን ዘበኛ በራሱ በር ላይ አቆሙት፤ እርሱ ሲበዛ የራሱን መሠራት ይከለክላል፤ ሲያንስ ይፈቅዳል። በዚህ ቀላል ዘዴ በባክቴሪያዎቹ መካከል የነበረው መለያየት በግልጥ ቀነሰ። የዋት ልጓም በሕዋስ ውስጥ በሰው እጅ ተሠራ ማለት ነው።

ልጓሙ ከተገኘ ዘንድ ችግሩ ያለቀ ይመስል ነበር። ነገር ግን መሐንዲሶቹ በመኪና ላይ ያላዩትን አንድ ችግር በሕዋስ ላይ አገኙ። በመኪና ላይ አንድ መሣሪያ ሲጨመር የቀሩት መሣሪያዎች እንደ ነበሩ ይሠራሉ። በሕዋስ ግን ሁሉም ከአንድ ጓዳ ይበላል። አሥር ክፍሎች ያሉት አንድ መሥሪያ ቤት የሁሉንም ደብዳቤ የሚጽፉለት አንድ የጸሓፊዎች ክፍል ቢኖረው፣ አንደኛው ክፍል በድንገት ሺህ ደብዳቤ ባመጣ ጊዜ የዘጠኙ ሥራ እንደሚጓተት ሁላችንም እናውቃለን። ሪቦሶሞችም እንዲሁ ናቸው፤ ቍጥራቸው የተወሰነ ነው። አዲሱ ጂን ብዙ ቅጂ ባወጣ ቍጥር ባክቴሪያዋ ለራሷ ኑሮ የሚያስፈልጋትን መሥራት ያቅታታል፤ እድገቷም ይዘገያል። ከዚህም በላይ አንዱን መሣሪያ ከሌላው ጋራ ማያያዝ ራሱ ፊተኛውን ያዳክመዋል፤ ለጎረቤት ከአንድ የውኃ ቧንቧ ሲቀጠልለት በቤታችን ያለው ግፊት እንደሚቀንስ ያለ ነው። ዶሚቲላ ዴል ቬኪዮ የተባሉት የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ፕሮፌሰር ከባልደረቦቻቸው ጋራ ከ2008 ጀምሮ ይህንን ችግር በሒሳብ ገልጠው መፍትሔውን ሲያጠኑ ቈይተዋል።

ለሸክሙ ጕዳይ ከተገኙት መፍትሔዎች ለእኔ እጅግ የሚያስደስተኝ በለንደን ኢምፔሪያል ኮሌጅ የተሠራውና በ2018 የታተመው ነው። ተመራማሪዎቹ ባክቴሪያዋ ሸክም ሲከብዳት በተፈጥሮዋ የምትነቃባቸውን ጂኖች ፈለጉና አገኙ። ከዚያም ያንን የድካም ምልክት ወስደው ለአዲሱ ሥራ ልጓም አደረጉት፤ ባክቴሪያዋ ከበደኝ ስትል የተጨመረባት ሥራ ይቀንስላታል። ሠራተኛው ሲደክመው የሚሰማ አለቃ እንደ ተሾመለት መቍጠር ይቻላል።

አሁን ማክስዌል ወደ ለየው ወደ ሁለተኛው ዐይነት እንመለስ። የሃይደልበርጉ ልጓም እንደ ዋት ልጓም ልዩነቱን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋውም። ለመድኀኒት ግን «ከሞላ ጐደል» የሚለው ልክ አይበቃም። ታዲያ ከፕሮቲን ብቻ በተሠራ መሣሪያ ሒሳብ እንዴት ሊደመር ይችላል? በስዊዘርላንድ የዙሪክ የፌዴራል ቴክኖሎጂ ተቋም በባዝል ከተማ ያለው የሙስጠፋ ካማሽ ክፍል በ2016 መልሱን በሒሳብ፣ በ2019 ደግሞ በሕያው ኢ ኮላይ ላይ በተግባር ሰጠ። ዘዴው ከተገለጠ በኋላ ሲያዩት ቀላል ነው።

በሕዋሱ ውስጥ ሁለት ፕሮቲኖች ይሠራሉ። የመጀመሪያው የትእዛዙ ፕሮቲን ነው፤ በየደቂቃው በተወሰነ መጠን ይሠራል፤ ይህም መጠን «ይህን ያህል እንፈልጋለን» የሚለው ቃል ነው። ሁለተኛው የውጤቱ ፕሮቲን ነው፤ የተገኘው ምርት በበዛ መጠን እርሱም ይበዛል። ሁለቱ ሲገናኙ አንድ ለአንድ ይያያዙና ሁለቱም ከሥራ ውጭ ይሆናሉ፤ ገቢና ወጪ እንደሚጣፉ ማለት ነው። ሳይጣፋ የተረፈው የትእዛዙ ፕሮቲን ደግሞ ምርቱን ጨምር እያለ ይገፋል። እንግዲህ ምርቱ ያነሰ እንደ ሆነ የሚጣፋው ስለሚያንስ ትራፊው ይከማቻል፤ ግፊቱም ይበረታል። ምርቱ የበዛ እንደ ሆነ ትራፊው ይሟጠጣል፤ ግፊቱም ይላላል። ትራፊው መጨመሩንም መቀነሱንም የሚያቆመው በአንድ ሁኔታ ብቻ ነው፤ ይኸውም የሁለቱ አሠራር እኩል ሲሆን፣ ማለት ምርቱ በታዘዘው ልክ ላይ ሲደርስ ነው። የትራፊው ብዛት ያለፈው ልዩነት ሁሉ ድምር ነው። ድማሬ ያዡ ሕዋስ ውስጥ ገባ።

የባዝል ሰዎች መሣሪያቸውን ለመፈተን በባክቴሪያዋ ላይ ሆን ብለው ጠላት አስነሡባት። ምርቱን እየቈራረጠ የሚያጠፋ ኤንዛይም ጨመሩ። ልጓም በሌላቸው ባክቴሪያዎች ምርቱ ወረደ፤ ልጓም በገባላቸው ግን ወደ ታዘዘው ልክ ተመለሰ። ባክቴሪያዋ ጠላቷን አታውቀውም፤ እንደዚያ ያለ ኤንዛይም ሊመጣባት እንደሚችልም በመዝገቧ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ሒሳቧን ብቻ ዘጋች። በ2022 ደግሞ ያው ክፍል በላቦራቶሪ በሚያድጉ የሰው ሕዋሳት ውስጥ ይህንኑ ዘዴ ከዋት ዐይነቱ ጋራ አጣምሮ ሠርቶ አሳየ።

የሚነቀፍበት ነገር የለም ማለት ግን አይደለም። ባክቴሪያ ስታድግ ትሰፋለች፤ ከዚያም ለሁለት ትከፈላለች። በዚህ ጊዜ ትራፊው ሳይጣፋ በመስፋት ብቻ ይሳሳል። አንድ ሒሳብ ያዥ በየግማሽ ሰዓቱ ከመዝገቡ ገጾች እኩሌታው ቢጠፋበት ሒሳቡ የቱን ያህል ሊታመን እንደሚችል መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ በሚከፈሉ ሕዋሳት ውስጥ መሣሪያው በወረቀት ላይ እንደሚታየው ፍጹም አይሆንም። ይህንን ለማሸነፍ ሁለቱ ፕሮቲኖች ከመሳሳታቸው በፊት እንዲጣፉ በብዛትና በፍጥነት መሠራት አለባቸው፤ ያ ደግሞ ከላይ የተናገርነውን ሸክም ያመጣል። አንዱን ሲይዙ ሌላው ያመልጣል።

የዚህ ትምህርት ፍሬ አስቀድሞ የታየው በፋብሪካ ጋን ነው። ወባን የሚፈውሰው አርቴሚሲኒን የሚገኘው አርቴሚዚያ አኑዋ ከተባለች ተክል ነው፤ በአገራችንም ከ2004 ጀምሮ ፋልሲፓረም ለተባለው ከባድ ወባ በመጀመሪያ የሚሰጠው መድኀኒት ከዚሁ ወገን የተቀመመ ነው። በካሊፎርኒያ የበርክሊው ጄይ ኪስሊንግና ባልደረቦቻቸው የመድኀኒቱን መነሻ በባክቴሪያና በእርሾ ለማሠራት ሲደክሙ፣ በመካከል የሚፈጠር አንድ ነገር ሲከማች ባክቴሪያዋን ይመርዛት ነበር። በ2013 ባወጡት ሥራ ባክቴሪያዋ መርዙ ሲበዛባት የምታውቅበትን የራሷን ስሜት ልጓም አድርገው፣ መርዙ ሲከማች የሚሠራው እንዲቀንስ፣ ወደ ምርት የሚለውጠውም እንዲጨምር አደረጉ፤ ምርቱ ወደ ሁለት እጥፍ ያህል ደረሰ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎም በተመሳሳይ ዘዴ ከቅባት ለሚሠራ ነዳጅ ሦስት እጥፍ ምርት አግኝተው ነበር። ይህ ሁሉ አዲስ ጂን በመጨመር ብቻ አልተገኘም፤ ያለውን በልክ በማሠራት ነው።

እስከ አሁን የተናገርነው ሕዋሱ ልጓሙን ይዞ እንደሚኖር በማመን ነው። ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን እዚህ ላይ ነው፤ የእንፋሎት መኪና ልጓሙን አውልቆ ለመጣል አይሞክርም፤ ሕዋስ ግን ይጥላል። በ2004 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሊንግቾንግ ዩና ባልደረቦቹ፣ ከእነርሱም መካከል ኋላ በ2018 የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት ፍራንሲስ አርኖልድ ይገኛሉ፣ የባክቴሪያን ብዛት የሚወስን ልጓም ሠሩ። እያንዳንዷ ባክቴሪያ አንድ ምልክት ወደ ውጭ ትለቃለች፤ ቍጥራቸው ሲበዛ ምልክቱ ይጠነክራል፤ ምልክቱ ሲጠነክርም ገዳይ ጂን ይነቃና ብዙዎቹ ይሞታሉ። በዚህ መንገድ የባክቴሪያው ቍጥር በተወሰነ ልክ ላይ ረጋ። ነገር ግን ባክቴሪያ በተከፈለች ቍጥር መዝገቧን ትገለብጣለች፤ በመገልበጥም ላይ አልፎ አልፎ ስሕተት ይገባል። ስሕተቱ በገዳዩ ጂን ላይ የወደቀ እንደ ሆነ ያቺ ባክቴሪያ ከሞት ፍርድ ነጻ ትወጣለች፤ ልጆቿም ጋኑን ይወርሳሉ።

ነገሩ ምን ያህል ፈጣን እንደ ሆነ በቀላል ሒሳብ ማየት ይቻላል። ልጓም የገባላት ባክቴሪያ በየ30 ደቂቃው፣ ያመለጠችው ደግሞ ሸክሙን ስለ ጣለች በየ24 ደቂቃው ትከፈላለች እንበል። በአንድ ቀንና ሌሊት የመጀመሪያዋ 48 ጊዜ፣ ሁለተኛዋ 60 ጊዜ ትከፈላለች። ልዩነቱ 12 መከፈል ብቻ ነው። ነገር ግን ሁለትን 12 ጊዜ በራሱ ስናበዛ 4096 ስለሚሆን፣ ማክሰኞ ጧት አንድ ለአንድ የነበሩት ረቡዕ ጧት 4096 ለአንድ ይሆናሉ። ለዚህ ነው ዛሬ የመስኩ ሊቃውንት ልጓሙ ይሠራልን ከሚለው ይልቅ፣ ስንት ቀን ይቈያል የሚለውን አጥብቀው የሚጠይቁት። ከሚሞከሩት መንገዶች አንደኛው ሸክሙን ማቅለል ነው፤ ልጓሙን በመጣል የሚገኘው ጥቅም እንዲያንስ። ሌላው የልጓሙን ጂን ባክቴሪያዋ ያለ እርሱ ልትኖር ከማትችለው ጂን ጋራ ማቈራኘት ነው፤ አንዱን የጣለች ሁለቱንም እንድታጣ።

በንግግራችን መጀመሪያ ወዳነሣነው ወደ ስኳር በሽተኛው እንመለስ። በ2016 ሁለት ነገሮች ሆኑ። በአሜሪካ አገር የደሙን ስኳር እየለካ ኢንሱሊኑን በራሱ ከሚጨምርና ከሚቀንስ ከኪስ መሣሪያ የመጀመሪያው ለሽያጭ ተፈቀደ፤ ይህ የቁጥጥር ምሕንድስና ከሰውነት ውጭ ሆኖ የሚሠራበት ነው፤ ምግብ ሲበላ ግን ሕመምተኛው ራሱ ለመሣሪያው መንገር ነበረበት። በዚያው ዓመት የባዝሉ ማርቲን ፉሰኔገርና ባልደረቦቻቸው ከሰው ኩላሊት የተገኘ የሕዋስ ዘር ወስደው ስኳርን እንዲመዝንና በልኩ ኢንሱሊን እንዲያፈስ አድርገው አዘጋጁት። ሕዋሳቱ የስኳር በሽታ ባለባቸው አይጦች አካል ውስጥ ሲቀመጡ የደማቸውን ስኳር አስተካከሉ። ይህ ሥራ በአይጥ የተሠራ ነው፤ ከአይጥ ወደ ሰው ያለው መንገድ ረጅም ነው።

ርዝመቱ በሕዋሱ ጥበብ ብቻ የሚለካ አይደለም። የእንፋሎት መኪና ልጓሙ የተሰበረ እንደ ሆነ ሠራተኛው ዋናውን መዝጊያ ይዘጋል። በሰው አካል ውስጥ የገባ ሕዋስ ልጓሙን የጣለ እንደ ሆነ ዋናው መዝጊያ ወዴት ነው? በሂውስተን ከተማ የቤይለር ሕክምና ኮሌጅ ሐኪሞች ለዚህ ጥያቄ በ2011 አንድ መልስ አቅርበዋል። ለካንሰር ሕሙማን የሚሰጡትን የደም ተከላካይ ሕዋሳት ከመስጠታቸው በፊት አንድ የሞት ጂን አስገቡባቸው፤ ጂኑ የሚነቃው ለሌላ ጥቅም የማይሰጥ አንድ መድኀኒት ሲወሰድ ብቻ ነው። ከሕሙማኑ በአራቱ ላይ የተሰጡት ሕዋሳት የሕሙማኑን አካል ማጥቃት በጀመሩ ጊዜ ሐኪሞቹ መድኀኒቱን አንድ ጊዜ ሰጧቸው፤ በ30 ደቂቃ ውስጥ ከመቶው ከዘጠና የሚበልጡት ሕዋሳት ጠፉ፤ ሕመሙም ተገታ።